መሪጌታ ያስተካከሉት ስልክ

የባንቺአየሁ ስልክ ሽሮ ድስት ውስጥ የገባው በኅዳር መጀመሪያ፣ በምሳ ሰዓት፣ ምግብ ቤቷ ጢም ብሎ በሞላበት ቀን ነው። ጎንበስ ብላ ስታማስል ከሽርጧ የደረት ኪስ ሾለክ አለና ድስቱ ውስጥ ጥልቅ አለ።  በጭልፋ አወጣችው፣ በሽርጧ ጠረገችው፣ አገላብጣ አየችው። መስታወቱ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጨለመ። ከዚያ ድስቱን ከእሳት አወረደችና ሽሮ ለጠበቁት ሁሉ ዛሬ ምስር ይሻላል ብላ ምስር አቀረበች። ምክንያቱን የጠየቃት አልነበረም፤ የእሷን ምስር እምቢ የሚል ሰው አልተፈጠረም።

ከምግብ ቤቱ አጠገብ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤቷ የብርጓል፣ ወሬውን ሰምታ ለመምጣት ብዙም አልቆየች። ድስቱን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ባንቺአየሁን አየች።

"እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሽሮሽ መጥራት ሊጀምር ነው" አለች።

የባንቺአየሁ ቤት ዓባይ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ። የተጻፈ ስም የለውም። ደንበኞቹ ግን "እትዬ ባንቺ ቤት" ብለው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስላወሩት፣ አዲስ ተቀጣሪ ከጅማም ይምጣ ከሐዋሳ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምሳውን እዚያ ሲበላ ይገኛል። ግማሾቹ የኮሌጅ ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ከፋብሪካ የሚመጡ። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የጾም ምግብ እንደ እሷ የሚሠራ የለም የሚለው ነው።

ይህን ሙያ ያገኘችው ከትምህርት ቤት አይደለም። አንበሳሜ አጠገብ ከሚገኝ መንደር በልጅነቷ ለመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ተዳረች። መሪጌታ የዜማ መምህር ነበሩ። ከደብር ወደ ደብር በተዛወሩ ቁጥር እሷም ምጣዷንና ድስቷን አዝላ አብራ ተዛውራለች። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን ቤቱ ከተማሪ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ተማሪ ደግሞ ይራባል። ዓመቱን ሙሉ ከሚጾም ጉባኤ ጋር ስትኖር፣ ከአተርና ከሽንብራ በቀር ምንም ሳይኖራት ሃያ ዓይነት ወጥ መሥራት ቻለች። በኋላ ባሕር ዳር ሲገቡ ተማሪው እያነሰ፣ የወር ደመወዝተኛው እየበዛ ሄደ። ያንኑ ድስት ለሌላው ራብተኛ አዞረችው።

ታዲያ የዛሬ ራብተኛ ኪሱ ውስጥ ብር አይዝም። በልቶ ይነሣል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ ያደርጋል፣ "ልኬያለሁ እትዬ" ይላል። እሷም ሽርጧ ላይ እጇን ጠርጋ የራሷን ስልክ ታያለች። ገንዘቡ መግባቱን የሚያሳያት የክፍያ አፑ ብቻ ነው። ገብቶ ካየች ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ያ ነው ደረሰኙ። ለዘይቱም፣ ለሽንኩርቱም፣ ለቤት ኪራዩም የምትልከው በዚያው በኩል ነው። እንግዲህ ስልኩ ሽሮ ውስጥ በገባ ጊዜ የገባው ስልክ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ያዥዋም አብሮ ገብቷል። አዲስ ስልክ ለመግዛት ደግሞ ገንዘቡ ያለው እዚያው አፕ ውስጥ ነው።

ቤት ውስጥ አንድ ሌላ ስልክ ነበር፤ የመሪጌታ።

ያን ስልክ ያመጣላቸው ቆላ ድባ ላይ ደብር ያገለግል የነበረ የድሮ ደቀ መዝሙራቸው ነው። ለመምህሩ ስጦታ ይዞ ሲመጣ ጠዋት ነበር። መሪጌታ ተቀብለው መረቁት። እሱን ከሸኙ በኋላ መነጽራቸውን ወልውለው ስልኩን ቢያዩት ሰባት ሰዓት ይላል። ውጭ ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አዩ፤ እሱም ከፊታቸው ገስግሶ ሄዷል።

"ይህ ዕቃ ገና ቤት ሳይገባ መዋሸት ጀመረ" አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አጽዋማትንና በዓላትን በጣታቸው አንጓ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው፣ ኪሳቸው ውስጥ የተሳሳተ ዘመን ይዘው ሊዞሩ አይችሉም። ደጅ ላይ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ይህንንም ያንንም እየነኩ፣ ሰዓቱ በእጅ የሚስተካከልበትን ቦታ ከምሳ በፊት አገኙት። ሰዓቱን ወደ እኛ አመጡት። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሁሉንም በቁጥር ወደ እኛ አመጡት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስልክ ላይ ቀን የሚለወጠው እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ ሆነ።

ሥራው ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። የፈረንጅ ወር አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ስለሆነ በየወሩ ባት ቀኑን እንደገና ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። ጳጉሜንን ደግሞ ስልኩ ጨርሶ አያውቃትም። ስለዚህ ጳጉሜን ሲገባ መሪጌታ ስልኩን አጥፍተው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡትና ለዕንቁጣጣሽ ያወጡታል። በዚያ መካከል የሚፈልጋቸው ሰው ባንቺአየሁ ጋ ይደውላል፤ እሷም "መሪጌታ ጳጉሜን ላይ ናቸው" ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ አልታዘዛቸውም፤ የሳምንቱ ዕለት። ከቁጥሩ ሥር በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ዕለት፣ እንደ ወሩ እየተለዋወጠ፣ እሑዱን ረቡዕ፣ ቅዳሜውን ማክሰኞ ሲል ይውላል። ቢነኩት ቢነኩት አልሰማ ሲላቸው ተዉት። "አንገተ ደንዳና ነው፤ ጾምና ፍስክ አይለይም" እያሉ ይስቁበት ነበር።

ባለፈው ሐምሌ አረፉ። ሕመማቸው አጭር ነበር።

ጳጉሜን ስትገባ ባንቺአየሁ ስልኩን አጠፋችው። በዕንቁጣጣሽ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አበራችውና፣ እሳቸው ባሳዩዋት መንገድ ቀኑንም ዓመቱንም አስተካከለች። በየወሩ ባትም እንዲሁ። በእሑድ በእሑድ ቻርጅ ታደርገውና ትሰማዋለች። ቆላ ድባ ላለው ደቀ መዝሙር ብለው ብዙ ዜማ ቀድተውበት ነበር። እሷ ግእዙን ሁሉ አታውቀውም፤ የት ላይ እንደሚተነፍሱ ግን ታውቃለች። በአንደኛው ቅጂ መካከል ዜማው ቁርጥ ይልና፣ እዚያው በዚያው ድምፅ፣ "ባንቺ፣ በሩን መለስ አድርጊው፣ ጭሱ ገባ" ይላሉ። ከዚያ በር ሲጥጥ ሲል ይሰማል። ከዚያ ዜማው ይቀጥላል።

እንግዲህ የሽሮው ዕለት ማታ ሲም ካርዷን ከሞተው ስልኳ አውጥታ የመሪጌታ ስልክ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ሔራን ለምሳ ስትመጣ፣ አፑን ከስልኳ በብሉቱዝ ላከችላት። ሔራን አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ ናት። የባንቺአየሁን ክክ ወጥ እናቴ ሳታውቀው የቀረችው ወጥ ትለዋለች። አፑ ገባ፣ ተከፈተ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቀለበት መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ በመጨረሻ "ግንኙነት የለም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

እንደገና ሞከሩ። የለም።

ስልክ ያለው ሰው ሁሉ የስልክ ሐኪም ነው። በዚያ ሳምንት በእትዬ ባንቺ ቤት የበላ ሰው ሁሉ ወይ አንድ ምክር ሰጥቷል፣ ወይ ስልኩን ነካክቷል። አንዱ አጥፍተሽ አብሪው አለ። አንዱ አፑን ደምስሶ እንደገና ጫነው። አንዱ ሲም ካርዱን አውጥቶ እፍ አለበት። ኔትወርኩ ነው ያሉ ስለበዙ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንቺአየሁና የብርጓል ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርገው እስከ ድልድዩ ድረስ ሄዱ። ዓባይ ከታች ይወርዳል፣ ቀለበቷ ከላይ ትሽከረከራለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ "ፎቶ ላንሣችሁ?" አላቸው። የብርጓል እሺ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ከጉዞው ያተረፉት ያን ፎቶ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባንቺአየሁ ወደ ነጻው የደንበኞች መስመር ደወለች። ብዙ ሙዚቃ ካዳመጠች በኋላ ድምፀ መልካም ልጅ አነሣች። ልጅቱ ትዕግሥተኛ ናት። ኢንተርኔቱ በርቷል ወይ አለቻት፤ በርቷል። ስልኩ ውስጥ ቦታ አለ ወይ፤ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች።

"የስልክዎ ሰዓትና ቀን ልክ ነው እናቴ?"

ባንቺአየሁ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየች።

"ልክ ነው ልጄ። አራት ሰዓት ከሩብ፤ ኅዳር ዐሥር።"

ልጅቱም ባለችበት ሆና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳታይ አልቀረችም፤ አራት ሰዓት ከሩብ ነበርና። "እሺ፣ እሱ ትክክል ነው" አለችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። በመጨረሻ ችግሩ ከስልኩ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት ብላ፣ መልካም ቀን ተመኝታላት ተሰናበተች።

ደንበኞቹ በዚህ መካከል መብላታቸውን አላቆሙም። እየከፈሉ የራሳቸውን ስልክ ያሳዩዋታል፤ እሷም አምና ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች። ከሁሉ ያሰጋት ደሞዝ የሚባል ደንበኛ ነበር። ደሞዝ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ሲበላ የሁለት ሰው፣ ሲያወራ የሦስት። ሰኞ ያሳያት የክፍያ ሥዕልና ማክሰኞ ያሳያት ሥዕል አንድ ዓይነት መሰላት። ረቡዕ ቀን መታገሥ አልቻለችም።

"ደሞዝ፣ ይህን ሥዕል ቤቴ ልስቀለው መሰለኝ፤ ከመላመዴ የተነሣ ናፈቀኝ" አለችው።

"እትዬ ባንቺ፣ ስልክዎ ሲድን ያፍሩብኛል" አላት ደሞዝ፣ እንጀራ እየጨመረ።

የሚያስቸኩላት ሌላ ነበር። የነቢያት ጾም ሰኞ ይገባል። ለሌላው ምግብ ቤት ጾም የቀዘቀዘ ጊዜ ነው፤ ለእሷ ግን የዓመቱ መኸር ነው። ከአንበሳሜ አተርና ሽንብራ የሚያመጣላት አበራ የሚባል ነጋዴ፣ የጾሙን ጭነት ይዞላት ቆይቷል። እሱም የሚከፈለው በአፑ ነው። ደውላ ነገሩን አስረዳችው። አበራ ቸር ሰው ነው፣ ግን እሱም ከገበሬ ነው የሚገዛው። እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ካልሰጠሁ እኔም ከሰው እጣላለሁ አላት። ያን አተር ካጣች የጾሙን ገበያ አጣች ማለት ነው። የጾሙን ገበያ ካጣች ደግሞ የቤቱን ኪራይ በምን ትከፍላለች።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ድልድዩን ተሻግራ ቴዎ ዘንድ ሄደች። ቴዎ ቁም ሣጥን በምታክል ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ፀጉሩን ወደ ላይ አቁሞታል፤ እጁ ግን እንደ አንጥረኛ እጅ ቀልጣፋ ነው። ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው፣ ፈተሸው፣ ምላሱን አጮኸ።

"ማዘር፣ ኔትወርኩ ክሊን ነው፣ አፑም ክሊን ነው። ሶፍትዌሩ ነው የደከመው። ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይነሣል።"

ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ ተወለደ ይሆናል ማለት ነው አላት። የተቀዳ ድምፅስ? አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጠው እንደሚሞክር፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ አሮጌ ስልክ አንዳንዱን ፋይል እንደሚያስቀር፣ ስለዚህ ቃል መግባት እንደማይችል ነገራት። ቴዎ የማይዋሽ ልጅ መሆኑ ያን ዕለት አስከፋት። የብርጓል የሠርጓ ፎቶ ያለበትን ስልክ ለአንድ ጠጋኝ ሰጥታ፣ ሲመለስላት ከፎቶዎቹ ሙሽራውና አንድ በግ ብቻ ቀርተው እንደነበር ባንቺአየሁ ታውቃለች። ስልኩን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ተመለሰች።

የብርጓል ሱቅ በራፍ ላይ በርበሬ እየለቀሙ ተመካከሩ። የብርጓል አጥብቃ መከረቻት፤ መሪጌታ ቢኖሩ ኖሮ ሴትዮ አተርሽን ግዢ ነበር የሚሉሽ፣ ዜማውን እንደሆነ ተማሪዎቻቸው ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል አለቻት። ባንቺአየሁ እውነትሽን ነው አለች። ጥቂት በርበሬ ለቀመች።

"ዜማውን ተማሪዎቹ ይዘውታል" አለች። "በሩን መለስ አድርጊው የሚሉኝን ማን ይዞታል?"

 ባንቺአየሁ ወስና ነበር። ዓርብን ትጠብቃለች። እስከዚያ መላ ካልተገኘ ቅዳሜ ማለዳ ስልኩን ለቴዎ ትሰጠዋለች።

ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ባንቺአየሁ አስቀድሳ ስትመለስ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን እንደ ልማዱ ነው፤ ሁሉም ጓሮውን ጠርጎ፣ ያረጀ ጫማና የበቆሎ አገዳ፣ የተቀደደ ሰሌንና የዓመት ጉድፍ ከምሮ በየደጁ ለኩሶታል። ጭሱ በዓባይ ላይ ወደ ሐይቁ ተዘርግቶ ማዶውን ከልሎታል። እሷም የበኩሏን ጠርጋ አቃጠለች። የመሪጌታን አሮጌ በርጩማ እግሩ ስለተሰበረ ከቆሻሻው ጋር አውጥታው ነበር፤ እሳቱ ዳር ካደረሰችው በኋላ መልሳ አስገባችው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ቤቱ ሞላ። ደሞዝ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሔራን ከመደብ ጥግ። ስልኩ፣ ሐኪሞቹ ሁሉ ተስፋ ስለቆረጡበት፣ ጠረጴዛው ላይ ከሚጥሚጣው ዕቃ አጠገብ ተጋድሟል። ሔራን ወደ ቢሮ የምትመለስበትን ሰዓት ለማየት ነካ አደረገችው። ሰባት ሰዓት ከዐሥር። ከዚያ ዝቅ ብላ አነበበች።

"እትዬ ባንቺ፣ ስልክዎ ዛሬ ሰኞ ነው ይላል።"

"ተዪው እሱን" አለች ባንቺአየሁ ወጥ እየጨለፈች። "አንገተ ደንዳና ነው፤ ጾምና ፍስክ አይለይም። መሪጌታ ሰዓቱንም ቀኑንም በእጃቸው ሲያቀኑት ዕለቱ ብቻ አልታዘዝ አላቸው።"

ሔራን ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

"በእጃቸው? ዓመቱንም?"

"ዓመቱንማ መጀመሪያ። እኔም ለዕንቁጣጣሽ አስተካክየዋለሁ።"

ሔራን ስልኩን አነሣች። ቁጥሩን አየች፤ ዐሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት። መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ስላላቆመላት የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ዞረው አዩዋት። ሳምንቱን ሙሉ ከኮሌጅ እስከ ፋብሪካ ያለ ሰው ይህን ስልክ ነካክቷል፤ እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ይዛዋለች፤ ቴዎም ፈትሾታል። ሁሉም ሰዓቱን አይቷል፣ ቀኑንም አይቷል፣ ግን ሁሉም የዚህ አገር ሰው ነውና ልክ ሆኖ አግኝቶት አልፏል።

ሔራን ለባንቺአየሁ በሚገባት መንገድ አስረዳቻት። አፑ ሲከፈት ወደ ዋናው ቤቱ ሄዶ በር ያንኳኳል። ዋናው ቤት ከመክፈቱ በፊት የስልኩን ቀን ከራሱ ጋር ያስተያያል። ዋናው ቤት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ይህ ስልክ የሰባት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ ሌባ ነው ብሎ አይከፍትለትም።

"በዚህ ስልክ ቆጠራ እኮ ይሄ አፕ ገና አልተሠራም" አለች።

"ታዲያ ዘንድሮ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት አይደለም እንዴ? ልክ አይደል?"

"ልክ ነው እትዬ ባንቺ። ችግሩ ልክ መሆኑ ነው።"

ቤቱ ሳቀ። ባንቺአየሁም ሳቀች። ሔራን ቅንብሩን ከፍታ ጣቷን ሰዓቱ በራሱ የሚስተካከልበት ቁልፍ ላይ ስታደርስ ግን፣ ባንቺአየሁ ጭልፋዋን አስቀመጠች።

"ቆይ ልጄ። ለእኔ ስጪኝ።"

እጇን ጠረገች። ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መሪጌታ ያሳዩዋት ቦታ ነው፤ በየወሩ ባት የምትገባበት። ጥቂት አየችውና ነካችው። ሰባት ሰዓት የነበረው አንድ ሰዓት ሆነ። ዓመቱ ዘለለ። ከሥሩ ያለው ዕለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓርቡን ዓርብ አለ።

"ይኸውልህ፤ ዛሬ ገና ጾምህን ያዝህ" አለችው ለስልኩ።

አፑን ከፈተች። ቀለበቷ አንድ ጊዜ ዞረችና ጠፋች። ወዲያው ስልኩ እንደ ቃጭል መንቃጨል ጀመረ። የሳምንቱ ክፍያ ሁሉ፣ የኮሌጁም የፋብሪካውም፣ ተከታትሎ ወረደ። ባንቺአየሁ በጣቷ እየገፋች ስታይ ደሞዝን ፈለገች። አገኘችው። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፤ ረቡዕማ እንዲያውም ሁለት ጊዜ አለ፤ የመጀመሪያው የሄደ ስላልመሰለው ደግሞ ልኮ ነበር።

አንድ ሙሉ ሳህን ምስር ጨምራ ወስዳ ፊቱ አስቀመጠችለት። ደሞዝ ምስሩን አየ፣ እሷን አየ።

"ሥዕሉን ታዲያ ይሰቅሉታል?" አላት።

እዚያው ቆማ ለአበራ ላከችለት። አበራ ወዲያው ደውሎ፣ ጭነቱ ነገ ከሰዓት በፊት ደጅሽ ላይ ነው አላት። ከዚያ አንድ ስጋት ቀርቷት ነበር፤ ሰዓቱ ሲለወጥ ድምፁም አብሮ ሄዶ እንደሆነስ? ሰው መኖሩን ሳታስብ ያን ቅጂ ነካችው።

የመሪጌታ ድምፅ ቤቱን ሞላው። የሚያኝኩት አቆሙ። ዜማው ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ረዘመ፣ ከዚያ ቁርጥ አለ።

"ባንቺ፣ በሩን መለስ አድርጊው፣ ጭሱ ገባ።"

እውነትም የኅዳር ጭስ በበሩ እየገባ ነበር። ደሞዝ ከመቀመጫው ተነሣና በሩን መለስ አደረገው። ተመልሶ ተቀመጠ።  ዜማው ቀጠለ፤ ሰዉም ቀስ እያለ መብላቱን ቀጠለ።

ያን ዕለት ሔራን ቢሮ የገባችው አርፍዳ ነው። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ወደ ራሷ ስልክ ስትገለብጥ፣ ሁሉም ሙሉ ሆነው መግባታቸውን አንድ በአንድ ስታዳምጥ ቆየች።

አተሩም መጣ፣ ጾሙም ገባ። ሰኞ ዕለት በዓባይ ማዶ ወንበር ያጣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ በላ። የብርጓል በርበሬ ይዛ ስትመጣ ስልኩን አይታ፣ እንግዲህ ፈረንጅ ሆኖ ቀረ በይ አለቻት። ባንቺአየሁ በርበሬውን ተቀብላ አኖረች።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ማታ፣ የመጨረሻው ሰው ሲወጣና ድስቱ ሲታጠብ፣ በሩን ትዘጋና ያን እግሩ የተጠገነ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች። ስልኩን ታወጣለች፤ ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን በእጇ ወደ እሳቸው ትመልሰዋለች። ጠዋት ሥራ ስትጀምር ደግሞ ለዋናው ቤት ትለቀዋለች። ሽርጥ እንደ መታጠቅና እንደ መፍታት ነው፤ ከዚያ የበለጠ አያደክምም።

አንዳንድ ቀን ግን ትረሳለች። ምሳ ይበላል፣ ሰው ይከፍላል፣ እሷ ስልኳን ታያለች፤ ቀለበቷ ትሽከረከራለች። የዘወትር ደንበኞቹ አሁን ምክንያቱን ያውቁታል። ባለፈው ሰሞን ደሞዝ ቆሞ ጥቂት ጠበቀና፣

"እትዬ ባንቺ፣ ስልኩ ዛሬም ከመሪጌታ ጋር ነው መሰለኝ" አላት።

"አዎ" አለች ባንቺአየሁ እጇን እየጠረገች። "ቆይ፣ ላስፈቅድ።"